ማውጫው የማያውቃቸው መምህር

ነቀምቴ ባስተማርኩባቸው ዓመታት፣ በሕይወት ያለን ሰው «የለም» ያስባልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያውም በኮሌጁ ካለን መምህራን ሁሉ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማውን፣ ሲስቁ የመስኮት መስታወት የሚያንቀጠቅጡትን ሰው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ እኔ ነገርን ከመሀል መጀመር አልችልበትም። ከአባይ ማዶ የቡሬን መንገድ ይዤ መጥቼ በኮሌጁ የኮምፒዩተር መምህር ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ሥራዬን እወዳለሁ፤ ከሥራዬም ውስጥ ከሁሉ አብልጬ ማስረዳትን እወዳለሁ። ሻይ ቤት ውስጥ «መብራት ለምን ጠፋ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተነስቶ አያውቅም።

ያን ጊዜ የተማሪ ውጤት የሚመዘገበው በወረቀት ነበር። መምህሩ የአልጋ ልብስ በሚያክል ቅጽ ላይ በእጁ ይጽፋል፣ የዲኑ ጸሐፊ ትተይበዋለች፣ የተተየበው ለመምህሩ ተመልሶ ይታረማል፣ የታረመው እንደገና ይተየባል። ቅጹ ከሕንፃ ሕንፃ ሲዞር ደግሞ ዝናቡ አለ። አንድ ቀን ሦስት ትልልቅ ሰዎች የራሰ ወረቀት ወደ መስኮት ከፍ አድርገው፣ የአንዲት ተማሪ ውጤት ሰማንያ ሦስት ይሁን ሰማንያ ስምንት ሲከራከሩ አገኘኋቸው። በመጨረሻ ሰማንያ አምስት ላይ ተስማሙ። እኔ ግን አልተስማማሁም። ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ መምህራን ውጤት የሚያስገቡበት ድረ ገጽ ሠራሁ።

ዲኑ አዩትና ወደዱት። ግን ጥንቁቅ ሰው ናቸው።

«እሺ፣ እንሞክረው» አሉኝ። «ሠላሳ አንድ መምህራን አሉን። ሠላሳ አንዱም እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት በራሳቸው ገብተው ውጤት ካስገቡ ወረቀቱን እንሰናበተዋለን። አንድ ሰው እንኳ በር ላይ ከቀረ ግን ሁሉም ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። ግማሹ በወረቀት፣ ግማሹ በኮምፒዩተር የሚባል ነገር እኔ ቢሮ አይገባም።»

ተስማማሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ምን ይከብዳል ብዬ።

ሰኞ ጠዋት መምህራኑን በሙሉ ኮምፒዩተር ክፍል ሰብስቤ ሥልጠና ጀመርኩ። ነጩ ሰሌዳ ላይ በር ሣልኩ፤ በሩ ላይ ዘበኛ ሣልኩ።

እዚህ ላይ ለአንባቢም ላስረዳ፤ ረዥም አይሆንም። ኮሌጁ ውስጥ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ቴክኒሻን አዘጋጅቶት ወደ ቢላ ከተማ የተዛወረ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጓዳ የሚቀመጥ ሰርቨር አለ። በሰርቨሩ ውስጥ ማውጫ አለ። ማውጫ ማለት የሠራተኛው ሁሉ መዝገብ ነው፦ መጠሪያው፣ የሚሠራበት ክፍል፣ የሠራተኛ ቁጥሩና የይለፍ ቃሉ። መምህራን በየላቦራቶሪው ኮምፒዩተር የሚከፍቱት በዚያ ነው። እኔም ድረ ገጼን ስሠራ ለእያንዳንዱ መምህር ሌላ አዲስ የይለፍ ቃል ልስጥ ወይስ ያለውን ማውጫ ልጠይቅ ብዬ አሰብኩና ሁለተኛውን መረጥኩ። ሰው አንዱን የይለፍ ቃል ሳይረሳ መያዝ ካቃተው ሁለት መስጠት ግፍ ነው።

«ድረ ገጹ ማንንም አያውቅም» አልኳቸው። «ግቢ ውስጥ አዲስ እንደተቀጠረ የካፌ አስተናጋጅ ማለት ነው። አንድ ሰው መጥቶ 'መምህር ነኝ' ሲለው ራሱ አይፈርድም። ወደ በሩ ይሄድና ዘበኛውን ይጠይቃል። ዘበኛው መዝገቡን ይገልጣል...»

«ዘበኛው ያውቀኛል» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

የአርጆ ተወላጁ ሽማግሌ መምህር ናቸው። ሒሳብ ያስተምራሉ፤ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ባርኔጣቸውን ከክፍል ውጪ አያወልቁም፤ ኮምፒዩተር ነክተው አያውቁም። ጠመኔ ይበቃኛል ባይ ናቸው።

«በጣም ጥሩ፣ ጋሼ! ዘበኛው ካወቀዎት እንግዲህ...»

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ዘበኛው ካወቀኝ፣ አስተናጋጁን ለምን አስቀጠርከው?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የሣልኩትን ዘበኛ ትንሽ አሳምሬ ጊዜ ገዛሁና ወደ ተግባር ገባን። እያንዳንዱ መምህር ስሙንና የአባቱን ስም በነጥብ ለይቶ ይጽፋል፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን። አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። ከስክሪኑ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍና ማውጫው የያዘው መጠሪያቸው ሲወጣ እንደ ሎተሪ ዕጣ ያያሉ። የሽማግሌው ተራ ደረሰ። በአንድ ጣት ስማቸውን ጻፉ፣ ነጥቧን ፈልገው አገኟት፣ የአባታቸውን ስም ጻፉ። የይለፍ ቃሉ ተራ ሳይደርስ ስክሪኑ ላይ በቀይ ወጣ፦ «በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም።»

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሁለተኛውን ጮክ ብለው።

«ሰማችሁ?» አሉ ወደ መምህራኑ ዞረው። «የለሁም።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ አሁን አየዋለሁ።»

«ምኑን እታገሰዋለሁ፤ የሌለ ሰው ሥልጠና አይወስድም።» ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወጡ።

(በነገራችን ላይ ጥሩ በር «ስምህን አላውቀውም» ብሎ አይናገርም፤ «አልተቻለም» ብቻ ብሎ ዝም ይላል፤ አለበለዚያ ሌባ ማን እንዳለና እንደሌለ ይማርበታል። ይህን በኋላ አስተካክዬዋለሁ። ሰኞ ዕለት አስተካክዬው ቢሆን ኖሮ ከሳምንቱ መከራ ግማሹ አይደርስብኝም ነበር።)

መከራው እንዲህ ነው። እዚህ አገር ሰው ሲገናኝ «ጅርቱ?» ይባባላል፤ ቃል በቃል «አሉ ወይ?» ማለት ነው። መልሱ «ጅራ» ነው፤ «አለሁ»። ሽማግሌው ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ መልሳቸውን ቀየሩ። በበሩ ሲያልፉ ዘበኛው «ጅርቱ?» ሲላቸው «ሂን ጅሩ» ይላሉ፤ የለሁም። «የለም ያለዎት ማን ነው?» ሲባሉ በጣታቸው ወደ እኔ ቢሮ ያሳያሉ።

ማክሰኞ ዲኑ ለቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች የፈተና ጥበቃ ለመደልደል ስብሰባ ጠሩ። ሽማግሌው አልመጡም። ሰው ተላከባቸው። ቡና ቤት ዛፍ ሥር ጋዜጣ ሲያነቡ ተገኙ።

«ንገሩልኝ» አሉ። «የሌለ ሰው ፈተና ላይ ቢቆም ተማሪዎቹ ይደነግጣሉ።»

የግቢ ጽዳት ኮሚቴም ቀሩ፤ የስፖርት ቀን ዝግጅትም ቀሩ። አንዱ ወጣት መምህር ቀንቶ «እኔንም ከመዝገቡ አታወጣኝም?» ብሎ በቁም ነገር ጠየቀኝ። ዲኑ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ምንም አይሉም፤ ጣታቸውን ብቻ ያነሳሉ። አንድ ጣት። አንድ ሰው ቀርቷል ማለት ነው።

ማውጫውን በወረቀት አትሜ ቁጭ አልኩ። መምህራኑን ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ናቸው። ክረምት ላይ ድረ ገጹን ስሠራ አልቆጠርኩም ነበር፤ ለእኔ ይህንን መጻፍ ቀላል አይደለም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ሰው ያልሆኑትን ማስወጣት ነው። በማውጫው ውስጥ ሰው ያልሆነ ብዙ ነገር አለ፤ ሁለት ፕሪንተሮች፣ «ቤተ መጻሕፍት አንድ»፣ «ቤተ መጻሕፍት ሁለት»፣ ቴክኒሻኑ ለሙከራ የፈጠራቸው የሚመስሉ አንዳንድ መጠሪያዎች። እነሱን ድረ ገጹ እንዳያያቸው በአንድ ዝርዝር አግጄያቸው ነበር። የሽማግሌው ስም ግን ከሰዎቹም ከዕቃዎቹም ዘንድ የለም።

ማውጫውን የምትይዘው የዲኑ ጸሐፊ ናት። መጻፍም ማስተካከልም የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ የእኔ ድረ ገጽ ማንበብ ብቻ ነው የተፈቀደለት። እንዲያ እንዲሆን ያደረግሁትም እኔ ራሴ ነኝ፤ በቢሮዋ ግድግዳ ላይ አምስት ሕጎች አትሜ ለጥፌላታለሁ። ሕግ ሁለት፦ ከመዝገብ ያዧ በስተቀር ማንም፣ ዲኑም ቢሆኑ፣ ማውጫው ውስጥ አይጽፍም። ሕግ ሦስት፦ ማንም በሌላ ሰው መግቢያ ገብቶ አይሠራም። እና ሌሎችም።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሄድኩባት። አንጮቴ ይዛ መጥታ ነበር፤ አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ነው፣ ተቀቅሎ ይበላል።

«እህቴ፣ አንድ መምህር ከማውጫው ቀርተዋል።»

«ማን?»

ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርኳት። ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አልቀሩም።»

«ቀርተዋል እንጂ። ዝርዝሩ ይኸው።»

«አሉ።»

«በምን ስም?»

«አሉ አልኩህ፣ በርሲሳ።» በርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ ሌላ ስም ያለኝ አይመስላትም። «አንጮቴ ብላ።»

በላሁ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ምንም እንዳልመለሰችልኝ የገባኝ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው።

ረቡዕ በሥርዓት መሄድ ይሻላል ብዬ ቅጽ አዘጋጀሁ። «የማውጫ ማስተካከያ መጠየቂያ» የሚል ርዕስ ሰጠሁት። ሙሉ ስም፣ የትምህርት ክፍል፣ የሠራተኛ ቁጥር፣ ማብራሪያ፣ ፊርማ። መዝገብ ያዧ ሞልታ እንድትመልስልኝ ሰጠኋት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰችልኝ። በሚያምር እጅ ጽሑፍ ክፍሉ ተሞልቷል፣ የሠራተኛ ቁጥሩ ተሞልቷል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል። ሙሉ ስም የሚለው መስመር ባዶ ነው።

ይህን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው የመምህራን ዝርዝር ሁሉ ተተይቦ፣ አንድ ስም ብቻ ሁልጊዜ ታች በእስክሪብቶ ይጨመርበታል። ሁልጊዜ ያው ስም። በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ይህን አይቼ፣ ዝርዝር ሲዘጋጅ መጨረሻ ላይ መቁጠር ጥሩ ልማድ እንደሆነ በደግነት አስረድቻት ነበር። እንግዲህ አልሰማችኝም ማለት ነው። ቅጹን ይዤ ተመለስኩና እንደገና አስረዳኋት። መርሳት የሁላችንም እንደሆነ፣ ግን አንድን ሰው ብቻ ደጋግሞ መርሳት ጥሩ እንደማይመስል፣ በጣት መቁጠርም እንደማያሳፍር ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያስለቀስኳት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«በርሲሳ» አለች ስትችል። «የባሌ አባት ናቸው።»

«እ... እና?»

«እና ምን?»

የዲኑ ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ የዲኑ ሳቅ ፈነዳ፤ ወንበራቸው ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖረህ! እዚህ አገር ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። በአፏም አትጠራም፣ በእጇም አትጽፍም። ታች በእስክሪብቶ የምጨምረው እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌን ላሳምር ብዬ መሰለህ?»

የገዛ እናቴ አባቴን አንድ ቀን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ «የልጆቹ አባት» ነው የምትለው፣ ልጆቹ አጠገቧ ተሰልፈን እንኳ። ይህን እያየሁ አድጌ፣ ለአንዲት የሰው ምራት ስለ ጣት መቁጠር ሁለት ጊዜ አስተማርኩ።

«እንግዲያው እርስዎ ያስገቡልን» አልኳቸው ዲኑን።

«እኔ?» ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «ሕግ ሁለት። 'ዲኑም ቢሆኑ' ይላል። ሳነበው ተናድጄ ነበር፤ አሁን ግን ወደድኩት።» ጣታቸውን አነሱ፣ አንድ፤ ተመልሰው ገቡ።

ወደ እሷ ዞርኩ። «ታዲያ ማን ብለሽ መዘገብሻቸው?»

«ፈልግ» አለችኝ። «ሁልጊዜ አንተ ብቻ ታስረዳለህ። አንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳያስረዳህ ይግባህ።»

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ የታተመውን ማውጫ ዘረጋሁ። ክረምት ላይ ያገድኳቸውን በእርሳስ ሠርዤባቸው ነበር። ፕሪንተር፣ ፕሪንተር፣ ቤተ መጻሕፍት አንድ፣ ቤተ መጻሕፍት ሁለት... ከእነሱ ቀጥሎ አንድ መጠሪያ አለ። «አባ ኬኛ»። አባታችን።

የሠራተኛ ቁጥሩን ከቅጹ ጋር አስተያየሁት። እሳቸው ናቸው። በኮሌጁ ውስጥ የጠፋ መምህር አልነበረም፤ እሷ በክብር ያስቀመጠቻቸውን ከሁለት ፕሪንተሮች ጋር ጠቅልዬ ያባረርኳቸው እኔ ነበርኩ።

እገዳውን አነሳሁ። ግን ይህ አይበቃም። ድረ ገጹ ሰውን የሚፈልገው በስሙ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ የሚጽፉት እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ነው እንጂ ምራታቸው ያወጣችላቸውን አይደለም። ሐሙስ ጠዋት በዚህ እየተብሰለሰልኩ ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ገባሁ፤ ወረቀት ለማባዛት ወጥታለች። ኮምፒዩተሯ ክፍት ነው፤ ማውጫው ስክሪኑ ላይ ነው። አንድ መስመር ብቻ። ስሙን ጽፌ መዝጋት። እሷ ስሙን አልጻፈችም፣ ዲኑም አልጻፉም፣ ማንም አላየም። እጄ ወደ ኪቦርዱ ሄደ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምንም።»

«እዚያ ግድግዳ ላይ ሕግ ሦስት የሚል ይታየኛል። አንብብልኝ እስቲ፣ መነጽሬን ረሳሁ።» መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነው።

«ማንም በሌላ ሰው መግቢያ ገብቶ አይሠራም» ብዬ አነበብኩ።

«ደግ ሕግ ነው። ማን ጻፈው?»

እጄን አነሳሁ። ሊወጡ ዞረው ሲሄዱ ዐይኔ በእጄ ይዤው ከገባሁት ቅጽ ላይ ወደቀ። ስሙ ባዶ ነው፤ ከሥሩ ግን የሠራተኛ ቁጥሩ በእሷ እጅ ተጽፎ ተቀምጧል። ቁጥሩን ለመጻፍ እጇ አልከበዳትም። ስም ይመሳሰላል፣ ስም ይቀየራል፣ አንዳንዱንም ስም አንዳንድ ሰው ሊጠራው አይችልም። ቁጥርን ግን ምራትም ትጽፈዋለች። ሰውን በስሙ መፈለግ ከመጀመሪያውም የእኔ ስንፍና ነበር።

ሮጥኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረ ገጹ በሠራተኛ ቁጥርም እንዲፈልግ አደረግሁት። ቀጥሎ የቀረው ሰውዬው ናቸው። የተለመደው ዛፍ ሥር አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ተገኝተዋል።»

«የት?»

«ማውጫው ውስጥ። እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ እዚያው ነበሩ።»

ጋዜጣውን ዝቅ አደረጉ፤ ደስ ያላቸው አይመስሉም። የጽዳት ኮሚቴው ሳይታወሳቸው አልቀረም። «ነገ ጠዋት ወደ አርጆ እሄዳለሁ» አሉ። «ውጤቱን በወረቀት እሰጣችኋለሁ።»

«እንደፈለጉ። ግን በስምዎ አይደለም የተመዘገቡት። በሌላ መጠሪያ ነው። ምራትዎ ናት የመዘገበችዎት።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ደጅ ላይ ሲያወልቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ማን ብላኛለች?»

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን ነገር አደረግሁ፤ ዘጋሁት።

«መናገር አልችልም። ባለቤቱ ራሱ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ይታየዋል።»

«ንገረኝ እንጂ፣ ኢልመ ኮ!»

«ሕግ ስድስት ይከለክለኛል።» ሕግ ስድስት የሚባል የለም፤ ሕጎቹ አምስት ናቸው።

«ሽማግሌው ብላለች? ግትሩ? ባለ ባርኔጣው?» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። «ዘጠኝ ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር ማን ብላ እንደምታስበኝ አላውቅም። 'ምሳ ደርሷል' ትላለች፤ ለማን እንደደረሰ አትናገርም። ልጆቹን 'ንገሯቸው' ትላለች። እኔ 'ንገሯቸው' ነኝ፤ ሌላ መጠሪያ የለኝም። እሺ፣ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ።»

«ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው» ብዬ ተነሳሁ።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሠላሳው መምህራን ገብተው ውጤታቸውን ጨርሰዋል። ዲኑ ከኮምፒዩተር ክፍሉ አይጠፉም፤ እየመጡ ጣታቸውን ያነሳሉ። አራት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ከብዙ ማሳል በኋላ ተነሳ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሽማግሌው የጉዞ ቦርሳቸውን አንግበው በሩ ላይ ታዩ። ወደ አርጆ የሚሄዱ ሦስት ሚኒባሶች እያዩ አሳልፈዋል።

«የይለፍ ቃል የሚባለው የለኝም» አሉ፤ አሁንም ማምለጫ የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ጸሐፊዋ ተጠርታ መጣች። በእጇ አንድ የታሸገ ፖስታ ይዛለች። ማውጫው ሲከፈት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የመጀመሪያው የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ፣ ስሙ ተጽፎበት ነበር የተሰጠው። በዚህኛው ፖስታ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

«ይህን ፖስታ አውቀዋለሁ!» አሉ ሽማግሌው። «ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁትና፣ ስም ስለሌለው የእኔ አይደለም ብዬ መለስኩት።»

«ሁለት ጊዜ» አለች እሷ ወደ መሬት እያየች።

«ሦስት ጊዜ። አንዴ የዲኑ ጠረጴዛ ላይ ነው የጣልኩት።»

በሁለት እጇ አቀበለቻቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቁጥራቸውን በአንድ ጣት ጻፉ። የይለፍ ቃሉን ሊጽፉ ሲሉ እኔም ዲኑም ጀርባችንን ሰጠን፤ ሕግ አራት ነው። የኪቦርዱ ድምፅ በየመሀሉ እየቆመ ይሰማል። ጀነሬተሩ አንድ ጊዜ አነቀው፣ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ ተመለሰ። ከዚያ ኪቦርዱ ቆመ። ስዞር ስክሪኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ደህና መጡ፣ አባ ኬኛ።»

አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ማውጫው መጠሪያን ከየት እንደሚያመጣው ላስረዳ የመጣልኝን ዋጥኩት።

«አባ ኬኛ» አሉ ቀስ ብለው፣ ሳይዞሩ። «ለመሆኑ 'አባታችን' ሲባል የእነማን ነኝ? የእናንተ የቤቶቹ ነኝ ወይስ የኮሌጁም?»

«የኮሌጁን እነሱ ይወቁ» አለች እሷ፣ ለመስኮቱ።

ሽማግሌው ሳቁ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

የአርባ ሁለት ተማሪዎች ውጤት ነበራቸው። «ላንብብልዎት?» አልኳቸው፤ «ተወኝ» አሉኝ። በአንድ ጣት፣ ቁጥር በቁጥር፣ አንዳንዱን ተማሪ በስሙ እየገሠጹ አስገቡ። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር የመጨረሻውን ተጭነው እጃቸውን አነሱ። ዲኑ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ቆጠሩ፤ በጣት ነው የቆጠሩት፣ እኔን እያዩ። ሠላሳ አንድ። የአልጋ ልብስ የሚያክሉት ቅጾች ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ቤት ናቸው።

ትልቅ ሰው ናቸውና የማውጫው ስም በደንብ ይስተካከል ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። «እጅህን እንዳታስገባ» አሉኝ። አሁንም እንደዚያው ነው።

ቦርሳቸውን አንግበው ሊወጡ ሲሉ ዲኑ ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ። የነገው የፈተና ጥበቃ ድልድል ነው። ከታች በእስክሪብቶ የተጨመረ ስም አለበት።

«እንግዲህ መኖርዎ ከተረጋገጠ» አሉ ዲኑ፣ «ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ ክፍል አራት። የጽዳት ኮሚቴውም ሰኞ ይሰበሰባል።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «አየህ ያመጣህብኝን?»

እስከ በሩ ሸኘኋቸው፤ ቦርሳቸውን ተቀብዬ ነበር፣ ቀላል ነው፣ ወደ አርጆም አይሄድም። ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያያቸው የሳምንቱን መልስ እየጠበቀ መሣቅ ጀመረ።

«ጅርቱ?» አላቸው።

ቆሙ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ዲኑ መስኮት ዞር ብለው አዩ።

«ጅራ» አሉ በረዥሙ ተንፍሰው። «ምን ላድርግ፤ ጅራ።»